ልጄ ፊደል ጨርሷል ስንል

(በአዲስ አበባ በአንድ ትምህርት ቤት ለመዋዕለ ሕፃናትና ለ1ኛ ክፍል ወላጆች ከተደረገ ንግግር)

እንደምን አደራችሁ! ጤና ይስጥልኝ እናቶች፣ አባቶች፣ አያቶች። ታላቅ እህትና ወንድም ሆናችሁ የመጣችሁም አላችሁ፤ እናንተ ደግሞ በጣም ታስፈልጉኛላችሁ። ከኋላ የቆማችሁ፣ ፊት ለፊት ወንበር አለ፤ ኑ ተቀመጡ። ሕፃን የያዛችሁም አትሳቀቁ። ዕድሜዬን ሙሉ ያወራሁት በልጆች ጫጫታ መሀል ነው። እንዲያውም ዝም ሲሉ ነው ግራ የሚገባኝ።

እኔ የ1ኛ ክፍል አስተማሪ ነበርኩ። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ግን የሰፈር ልጅ ሲያልፍ ጠርቼ "እስኪ ይሄን ምልክት አንብብልኝ" ማለቴን አልተውኩም። ልጆቹ አሁን መንገድ ቀይረውብኛል።

ዛሬ ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛ፣ ፊደል መዘመርና ማንበብ የተለያዩ መሆናቸውን። ሁለተኛ፣ ቤት ውስጥ ንባብን እንዴት እንደምናፈጥን። ሦስተኛ ቁጥር። ገንዘብ የሚያስወጣ ነገር አልነግራችሁም። አስጠኚ ቅጠሩም አልላችሁም።

እሺ፣ አንደኛው።

መስከረም ላይ ወላጅ ልጁን ይዞ ይመጣል። "መምህርት፣ ልጄ ፊደል ጨርሷል" ይለኛል። ልጁም ሳይጠየቅ ይጀምራል። ሀ፣ ሁ፣ ሂ፣ ሃ፣ ሄ፣ ህ፣ ሆ። ድምፁ ያምራል። እስከ ፐ አንድም ሳይስት ይደርሳል። አባት ደረቱን ነፋ ያደርጋል። ታዲያ እኔ ገበታው ላይ ጣቴን "ሙ" ላይ አሳርፋለሁ። "ይቺስ?"

ልጁ ዝም። ዓይኑን ወደ ጣሪያው ያወጣል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ምን እያደረገ ይመስላችኋል? ከሀ ተነስቶ በሆዱ እየዘመረ ነው! ሀን አለፈ፣ ለን አለፈ፣ ሐን አለፈ፣ መጨረሻ ላይ "ሙ!" አለ። መልሱ ትክክል ነው። ግን አነበበ? እናንተው ንገሩኝ፣ አነበበ?

አላነበበም። ዜማውን ያውቃል፣ ፊደሏን አያውቃትም። ይሄ ልጅ "ሙዝ" የሚል ቃል ቢሰጠው ሁለት ጊዜ መዝፈን አለበት። ለ"ዝ" ሲል እስከ ዘ ድረስ ተጉዞ ሲመለስ "ሙ"ን ረስቷታል። አንድ ዓረፍተ ነገር ቢሰጠውማ ይመሻል።

በቁጥርም ያው ነው። "እስከ መቶ ይቆጥራል" ይሉኛል። ይቆጥራል። "ከሰባት ቀጥሎ ማነው?" ስለው ግን ከአንድ ይጀምራል።

ዜማውን አጥፉት እያልኩ አይደለም፤ ዜማ መነሻ ነው። አባቶቻችን ግን እዚያ ላይ አላቆሙም። በቄስ ትምህርት ቤት ያለፋችሁ ታውቃላችሁ። የኔታ ሀሁ ካስቆጠሩ በኋላ ምን ያመጣሉ? አቡጊዳ! አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ። ተራው ተበወዘ። በዜማ ብቻ የመጣ ተማሪ እዚህ ጋ ይጋለጣል። ከዚያ ወዲያም ንባቡ ደረጃ ነበረው። መጀመሪያ ፊደል በፊደል፣ ቀጥሎ ቀስ ብሎ ቃሉን መያዝ፣ ከዚያ ውርድ ንባብ፣ መጨረሻ ላይ ሳይደናቀፍ ቁም ንባብ። ልጁ ቁም ንባብ ላይ ሳይደርስ "ማንበብ ቻለ" የሚል የኔታ አልነበረም። እኛ ግን ሀሁን እንደዘመረ እናጨበጭባለን፣ ቪዲዮ እንቀርጻለን፣ ለዘመድ እንልካለን፣ በቃ።

ይሄ ለምን ያሳስበኛል? በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በተለያዩ ክልሎችና ቋንቋዎች የ2ኛና የ3ኛ ክፍል ልጆች ንባብ ተመዝኖ ነበር። ከ2ኛ ክፍል ልጆች 34 በመቶው ከቀረበላቸው ታሪክ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። አንድ ቃል! ከሦስት አንዱ ማለት ነው። እነዚህ ልጆች ትምህርት ቤት ያልገቡ አይደሉም። ሁለት ዓመት ደብተር ተሸክመው የተመላለሱ ናቸው።

ለምን ፍጥነት ፍጥነት እላለሁ? ልጆች እንዲወዳደሩ አይደለም። ልጁ እያንዳንዷን ፊደል በመከራ ሲለቅም ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ሲደርስ መጀመሪያው ይጠፋዋል። "ምን አነበብክ?" ስትሉት ያያችኋል። ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ሐሳቡ ሁሉ ፊደሉ ላይ አልቆ ለትርጉሙ የተረፈ ነገር የለም። ፊደሉን ሳያስብ ሲያውቀው ያኔ ታሪኩን መከተል ይጀምራል፤ መሳቅም ይጀምራል። ሲያነብ ከሳቀ እሱ ልጅ ደርሷል።

ወደ ሁለተኛው ልግባ። ይሄኛው ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ፊደላችን ብዙ ነው። 33 በ7፣ 231 ነው፤ እንደ ሏና ቧ ያሉ ዲቃላዎቹን ሳንቆጥር። ወላጅ ይሄን ሲሰማ ይደነግጣል። ግን 231 ነገር መሸምደድ የለበትም። እስኪ አስተውሉ። ቡ፣ ሉ፣ ሱ፣ ኩ። ሁሉም በስተቀኝ ወገባቸው ላይ ሰረዝ አላቸው። ቢ፣ ሊ፣ ሲ፣ ኪ፤ ሰረዙ እግራቸው ላይ ነው። ቤ፣ ሌ፣ ሴ፣ ኬ፤ እግራቸው ላይ ቀለበት አለ። ይሄን ልጁ አንዴ ካየው አዲስ ፊደል ሲመጣ ግማሹን ራሱ ይገምታል። ስለዚህ አንዳንድ ቀን ገበታውን ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ታች አስነብቡት። እንደ ሩና ፉ ያሉ አፈንጋጮች አሉ፤ እነሱን ለብቻ ይማራቸዋል። አስቸጋሪው ስድስተኛው፣ ሳድሱ ነው። ብ፣ ል፣ ር፣ ን፤ እያንዳንዱ የራሱ መልክ አለው። ደግሞ በየቃሉ የሚገባው እሱ ነው። ጊዜ መስጠት ያለባችሁ እዚያ ላይ ነው።

የብስኩት ካርቶን ቁረጡ። በየቁራጩ አንድ ፊደል ጻፉ። ዛሬ ስድስት ሰባት ካርድ ይበቃል። በውዙት፣ አሳዩት። ወዲያው ያወቀውን በአንድ በኩል፣ ያመነታበትን በሌላ በኩል። ያመነታበት ነገ ይደገማል። ተና ቸን፣ ደና ጀን፣ ጠና ጨን ግን በአንድ ቀን አብራችሁ አታምጡበት። መልካቸውም ድምፃቸውም ይቀራረባል። አንዱ ሥር ይስደድ፣ ሌላው ይከተላል። ካርዶቹን ገጣጥማችሁ ቃል ሥሩ። "ቤ" እና "ት"። "ላ" እና "ም"። ፊደል ብቻውን ለልጅ ምኑም አይደለም። ላም ሲሆን ነው የሚገባው።

"ቤት" ካልኩ አይቀር። ታክሲ ስትጠብቁ፣ በእግር ስትሄዱ ልጁን "ቤት የሚል ፈልግ" በሉት። አዲስ አበባ ላይ ይሄ ጨዋታ አያልቅም። ዳቦ ቤት፣ ምግብ ቤት፣ ጸጉር ቤት፣ ሻይ ቤት፣ መድኃኒት ቤት። ከአራት ኪሎ ፒያሳ እስክትደርሱ ስንቱን ያገኛል! ከጥቂት ቀን በኋላ "ቤ... ት" ብሎ አይለቅመውም። አይቶ ብቻ ያውቀዋል። ፍጥነት የምላችሁ ይሄ ነው። ከዚያ ሌላ ቃል ስጡት። "ሱቅ" በሉት፣ "ዳቦ" በሉት። የሚከፈል የለው፣ የሚገዛ የለው። ስልካችሁን ኪስ ውስጥ መክተት ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ "እኔ ራሴ ማንበብ አልችልም፣ ምን ላድርግ?" የምትሉ አላችሁ። እጅ አውጡ አልልም። ግን አንድ ታሪክ ልንገራችሁ።

ያደግኩት ደብረ ማርቆስ ነው። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ማታ ማታ እሷ ጥጥ ትፈትላለች፣ እኔ መጽሐፌን ይዤ አጠገቧ እቀመጣለሁ። "በይ አንብቢልኝ" ትላለች። አንድ ቀን "ልጁ ዋና ይወዳል" የሚል መጣ። እኔ "ዋና"ን አጥብቄ አነበብኩት፣ ዋና ከተማ እንደምንለው። እናቴ እንዝርቷን ሳታቆም "ዋና ምኑን?" አለችኝ። ድጋሚ አየሁት። አሁንም አጠበቅኩት። "ኧረ ልጁ የሚወደው ምንድነው?" አለች። ያኔ ገባኝ። ወንዝ ውስጥ ያለው ዋና ነው!

አያችሁ፣ ፊደላችን ድምፅ ሲጠብቅና ሲላላ አያሳይም። "አለ" የሚለውን ብታዩት "ተናገረ" ይሁን "ይገኛል" ጽሑፉ አይነግራችሁም። የሚነግረን ዓረፍተ ነገሩ ነው። ዓረፍተ ነገሩን የሚረዳው ደግሞ ብዙ አማርኛ የሰማ ልጅ ነው። እናቴ ፊደል ሳታውቅ ንባቤን ታርም የነበረው በዚህ ነው። ስሜት የማይሰጥ ነገር ሰምታ አታልፍም ነበር። እናንተም ይሄን ማድረግ ትችላላችሁ። ልጁ ያንብብ፣ እናንተ አዳምጡ። ግራ ሲላችሁ "ምን ማለት ነው?" በሉት። ተመልሶ ያየዋል።

አያቶች፣ እናንተ ተረት አላችሁ። "ተረት ተረት" ስትሉ "የላም በረት" የሚል ልጅ ዛሬ እየጠፋ ነው። እንቆቅልህ አላችሁ። ይሄ ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ልጁ በጆሮው ያልሰማውን ቃል በዓይኑ ሲያገኘው አያውቀውም። ቤታችሁ ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ ወይም ጉራግኛ ከሆነ በዚያው አውሩለት። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ይጀምሩ ያለው ያለ ነገር አይደለም። ፊደልን ድምፅ በድምፅ ሲያነብ የሚያውቀው ቃል ከወጣ "አሃ!" ይላል። የማያውቀው ቃል ከወጣ ማን ይነግረዋል ትክክል መሆኑን?

እዚህ ጋ አንዳንዶቻችሁ እንደማትወዱኝ አውቃለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ እንግሊዝኛን መንካት አደጋ አለው። ግን እናገራለሁ። ልጁ ኬጂ ገብቶ "ኤ ፎር አፕል" ይላል። አፕል ግን በልቶ አያውቅም፤ ዋጋው የት ይቀመሳል! 1ኛ ክፍል ሲደርስ አማርኛውንም እንግሊዝኛውንም አያነብም። እንግሊዝኛ ይማር፣ እኔም እፈልጋለሁ። መጀመሪያ ግን በሚናገረው ቋንቋ ማንበብን ይያዝ። ማንበብ ምን እንደሆነ አንዴ የገባው ልጅ ሁለተኛውን ፊደል ቶሎ ይይዛል።

መጽሐፍ የለንም ትላላችሁ። እውነት ነው፣ የልጆች መጽሐፍ ውድ ነው፣ ጥቂትም ነው። ስለዚህ እናንተ ጻፉት። ማታ ልጁን "ዛሬ ምን ሆነ?" በሉት። "አባዬ ሙዝ ገዛ። እኔ ሁለት በላሁ።" ያለውን እንዳለ በትልልቁ ጻፉለት። ጣቱን እያስኬደ ያንብበው። የራሱ ቃል ስለሆነ ያነበዋል፣ ይኮራልም። ነገም ያንኑ ያንብብ። ከነገ ወዲያም። "በቃሉ ይዞታል" ብላችሁ አትናደዱ። ጣቱ ቃሉን ከተከተለ እየተማረ ነው። አንዱን ጽሑፍ ደጋግሞ ማንበብ ምላስ ያፈታል። ከዚያ ከመሀል አንድ ቃል ነጥላችሁ ጠይቁት፤ አቡጊዳውን አስታውሱ።

ሲደናቀፍስ? ዝም በሉ። በሆዳችሁ እስከ አምስት ቁጠሩ። ካልመጣለት ንገሩትና ቀጥሉ። "ትናንት አሳይቼህ የለም እንዴ!" የሚለው ጩኸት ከቤታችሁ ይውጣ። ቁንጥጫውም ይውጣ። የፈራ ልጅ ፊደሉን ትቶ ፊታችሁን ነው የሚያነበው። ደግሞ አሥር ደቂቃ ይበቃል። በየቀኑ አሥር ደቂቃ፣ ቅዳሜን ጠብቆ ከሚደረግ የሁለት ሰዓት ጭቅጭቅ በብዙ ይሻላል። ይሄን ሁሉ እያደረጋችሁ ለወራት ምንም ለውጥ ካላያችሁ ዓይኑንና ጆሮውን አስመርምሩ። ሰሌዳው የማይታየው ልጅ "ሰነፍ" ተብሎ ስንት ዓመት ከኋላ ወንበር ይቀመጣል!

ሦስተኛው፣ ቁጥር።

አንድ ሙከራ ቤት ስትገቡ አድርጉ። አምስት ባቄላ ዘርግታችሁ "ቁጠር" በሉት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት ይላል። ወዲያው "ስንት ነው?" በሉት። እንደገና ከአንድ ከጀመረ፣ የመጨረሻው ቁጥር የሁሉም መጠን መሆኑ ገና አልገባውም። ይሄ ልጅ እስከ መቶ ቢዘምርም መደመር አይችልም። ለሱ የሚያስፈልገው ትንንሽ ቁጥሮችን በእጁ መዳሰስ ነው። አንዳንድ መዋዕለ ሕፃናት ለአራት ዓመት ልጅ "ከ1 እስከ 100 ሦስት ጊዜ ጽፈህ ና" ይሉታል። እናት እንቅልፍ አጥታ እጁን ይዛ ታስጽፈዋለች። የተማረው ማን እንደሆነ እንጃ።

ቡና ስታፈሉ ልጁን ጥሩት። ረከቦት ላይ ስድስት ሲኒ አለ። እንግዳ ስምንት ነው። "ስንት ሲኒ ይጎድለናል? አምጣ።" ሦስት ካመጣ አንድ ይተርፋል፤ ራሱ ያየዋል፣ ራሱ ይመልሳል። ጉልት ስትሄዱ አንድ መደብ ቲማቲም ላይ ስንት ፍሬ እንዳለ ሳይቆጥር ይገምት፣ ከዚያ ይቁጠር። ከአራት አምስት የማይበልጠውን ሳይቆጥር በዓይኑ ብቻ ማወቅ ሲጀምር ትልቅ ነገር አገኘ ማለት ነው።

እና ቅልልቦሽ! እናቶች፣ ረሳችሁት እንዴ? አምስት ጠጠር። አንዷን ወደ ላይ ወርውሮ የቀሩትን አራቱን ማንሳት። መጀመሪያ አንድ በአንድ። ቀጥሎ ሁለት በሁለት። ከዚያ ሦስትና አንድ። መጨረሻ ላይ አራቱን ባንዴ አፈስ። ምን እየሆነ ነው? አራት በስንት መንገድ እንደሚከፈል ልጁ በእጁ እየተማረ ነው። ዛሬ በመማሪያ መጽሐፍ ላይ በሥዕል የሚያስተምሩትን እኛ አቧራ ላይ ተቀምጠን ነው የተማርነው። ገበጣም እንዲሁ ነው። ጉድጓዱን አይቶ "ይሄ እስከዚያ ያደርሰኛል" የሚል ልጅ ሳይነገረው እያሰላ ነው። አባቶች፣ ወንድ ልጅ ቅልልቦሽ አይጫወትም የምትሉትን ደግሞ ተዉት እባካችሁ።

በባቄላ የሚደረግ ሌላም አለ። አምስት ባቄላ አሳዩት። ከጀርባችሁ ደብቃችሁ ሁለቱን በአንድ እጅ ያዙ፣ ያንን ብቻ አሳዩት። "ሌላው እጄ ውስጥ ስንት አለ?" ሲለምደው ወዲያው "ሦስት!" ይላል። ከዚያ ወደ ስድስት፣ ሰባት፣ ቀስ እያላችሁ እስከ አሥር ውጡ። ሁለት ሁለት ሆነው አሥር የሚሞሉትን ቁጥሮች እንደ ስሙ ያወቀ ልጅ ለስምንት ሲደመር አምስት አይጨነቅም። ሁለት ወስዶ አሥር ይሞላል፣ ሦስት ይተርፈዋል፣ አሥራ ሦስት። አማርኛችን እዚህ ላይ ያግዘናል። አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት ስንል አሥሩ ይሰማል። ሜሪላንድ ያለችው እህቴ ልጇ "ኢለቨን፣ ትዌልቭ" ላይ ሲቸገር በአማርኛ አስቆጥሪው አልኳት፤ ነገሩ ቶሎ ገባው።

"በጣትህ አትቁጠር" አትበሉት። ጣቱ የመጀመሪያ መሣሪያው ነው። ሲፈጥን ራሱ ይተዋታል።

አንድ ጨዋታ ልጨምርና ላብቃ። ጊታ ራማኒ እና ሮበርት ሲግለር የሚባሉ ተመራማሪዎች በ2008 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ሥራ አለ። አሜሪካ ውስጥ ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው ቤተሰቦች የመጡ፣ በመዋዕለ ሕፃናት ዕድሜ ያሉ ልጆችን ከ1 እስከ 10 በተርታ ቁጥር የተጻፈበት ገበታ ላይ አጫወቱ። ጨዋታው አጭር ነው፣ ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው የተደረገው። የልጆቹ የቁጥር ዕውቀት ግን በግልጽ ተሻሻለ። በቁጥር ፈንታ ቀለም ባለው ገበታ የተጫወቱት ግን አልተሻሻሉም። ካርቶን ላይ አሥር ሳጥን ሥሩ፣ ቁጥር ጻፉበት። የቆርኪ ክዳን መጫወቻ ይሁናችሁ። ከወረቀት 1 እና 2 የተጻፈባቸው ዕጣዎች አዘጋጁ። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ። ልጁ 4 ላይ ቆሞ 2 ከወጣለት "አንድ፣ ሁለት" እያለ አይሂድ። "አምስት፣ ስድስት" እያለ ይሂድ፤ የቆመበትን ቁጥር ይዞ መቀጠል ይልመድ። ቅድም ከአንድ ካልጀመርኩ ያለንን ልጅ መድኃኒቱ ይሄ ነው። ሲለምደው ገበታውን ወደ ሃያ አስረዝሙት።

እኔ የሠራሁት ገበታ እዚህ ጠረጴዛ ላይ አለ፤ ፎቶ አንሱት፣ ቤት ስትገቡ በካርቶን ሥሩት። አሁን ወደ ጥያቄ። እዚያ ነጠላ የለበሱት እናት ስለ እንግሊዝኛው ሳወራ ጀምሮ እጃቸውን አውጥተዋል። ሊሞግቱኝ ነው መሰለኝ። ማይኩን ለሳቸው ስጡልኝ።